ፊልሙ ምን አስመኘኝ? የዘመኑን ፊልሞች ግብረገባዊና መንፈሳዊ ይዘት ለመመዘን የሚረዳ መመሪያ

ጎንደር ፒያሳ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው ሲኒማ ቤት ዋነኛው የፊልም በር በነበረበት ጊዜ፣ ልጁ ምን እንዳየ ማወቅ የፈለገ አባት በሩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ቢመለከት ብዙ ነገር ይረዳ ነበር። ዛሬ በሩ አንድ አይደለም። እናት በአማርኛ ድምፅ የተሰማውን የቱርክ ተከታታይ ድራማ በዲሽ ስትከታተል፣ ልጇ እዚያው ሳሎን ውስጥ ከቴሌግራም ያወረደውን የአሜሪካ ፊልም በስልኩ ያያል፤ ታናሽ እህቱ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የተጫነ የአማርኛ ፊልም ከፍታለች። ሦስቱም ስለ ፍቅር፣ ስለ በቀል፣ ስለ ገንዘብ፣ አንዳንድ ጊዜም ስለ ፈጣሪ የሆነ ነገር እየተማሩ ነው፤ የሚያስተምራቸው ግን አስተማሪ መሆኑን የማይናገር አስተማሪ ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለወላጆች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለመድረሳ አስተባባሪዎች፣ ለመምህራን እንዲሁም የሚያየውን ነገር በማስተዋል ማየት ለሚሻ ወጣት ነው። ፊልም አይታይ የሚል ሐሳብ የለውም። ይልቁንም አንድን ፊልም አይቶ «ጥሩ ነው» ወይም «ያበላሻል» ያለ ሰው፣ ለምን እንደዚያ እንዳለ ከፊልሙ ውስጥ ማስረጃ ጠቅሶ ማስረዳት የሚችልበትን መንገድ ለማሳየት ይሞክራል።

የማያዋጡ ሚዛኖች

በአዲስ አበባ ፊልም ማሳያ ቤት መጀመሪያ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት እንደነበር ይታወቃል። ያ ፍርድ መሣሪያውን እንጂ በመሣሪያው የሚታየውን ታሪክ አልመረመረም። ዛሬም «ስልክ ልጆቻችንን አጠፋ» የሚለው አነጋገር ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ምክንያቱም በዚያው ስልክ ቅዳሴም፣ ትምህርትም፣ ነውርም ይታያልና።

ከዚህ የተሻለ የሚመስለው ሚዛን መቁጠር ነው፤ ስንት ስድብ፣ ስንት መሳሳም፣ ስንት ሬሳ አለበት የሚለው። በፊልሞች ላይ የሚለጠፉት 13+፣ 16+ እና 18+ የሚሉ ምልክቶች በአብዛኛው የሚያመለክቱት በፊልሙ ውስጥ ምን ዓይነት ነገር በምን ያህል መጠን እንደሚታይ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤት ይህ መረጃ ጠቃሚ ስለሆነ ማንበቡን ልማድ ማድረግ ይገባል። ነገር ግን ምልክቱ ፊልሙ ስላሳየው ነገር ምን እንደሚል አይነግረንም። በቆጠራ ብቻ ቢፈረድ የመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ 11ኛ ምዕራፍ ለማንም የማይነበብ በሆነ ነበር፤ ንጉሡ ስትታጠብ ያያትን የሰው ሚስት ይወስዳል፣ ባሏን ኦርዮንም ጦርነቱ በጠነከረበት ግንባር እንዲቆምና እንዲሞት ያደርጋል። ይሁን እንጂ ያንን ምዕራፍ አንብቦ በዚያች ሌሊት ዳዊትን መሆን የሚመኝ አንባቢ የለም። በተቃራኒው አንድም ስድብ፣ አንድም መሳሳም የሌለበት ፊልም ድሀ ማለት የሚሳቅበት ፍጥረት ነው ብሎ ሊያስተምር ይችላል፤ የዕድሜው ምልክትም «ለሁሉም ተመልካች» ይላል።

ሌላው ሚዛን መጨረሻውን ማየት ነው። ክፉው ተቀጥቷልን? ደጉስ አሸንፏልን? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለውና በ1968 በዕድሜ ምደባ የተተካው «የሄይስ ደንብ» በመባል የሚታወቀው የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ፣ የተመልካቹ ርኅራኄ ወደ ወንጀለኛው እንዳያጋድል ያዝዝ ነበር። ደንቡን ማለፍ የፈለጉ ፊልም ሠሪዎች ዘዴውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ወንበዴውን አንድ ሰዓት ከግማሽ በሙሉ በሚያምር ልብስና በሚያምር መኪና አንበሽብሸው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይገድሉታል። ተመልካቹ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጥይቱን ሳይሆን ልብሱን ነው። የእኛም ፊልሞች ከዚህ አልራቁም። ሁለት ሰዓት ሙሉ በማታለል፣ በመጠጥና በቅንጦት ቪላ የቆየው ታሪክ በመጨረሻው ትዕይንት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አልቅሶ ስለተጠናቀቀ ብቻ «አስተማሪ ፊልም» ይባላል። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የሁለት ሰዓት ምኞት በሁለት ደቂቃ ለቅሶ አይሻርም።

ዋናው ጥያቄ

ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በመጣ ጊዜ በቀጥታ አልከሰሰውም፤ ታሪክ ነገረው። ብዙ በጎችና ላሞች ያሉት ባለጠጋ እንግዳ ሲመጣበት፣ አንዲት ግልገል ብቻ ያለችውን ድሀ በግ ወስዶ አረደ። ዳዊት ታሪኩን ሰምቶ በባለጠጋው ላይ እጅግ ተቈጣ፣ ሞት ይገባዋልም አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ነቢዩ ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን የነገረው። ታሪኩ የሠራው ሰሚውን ከተበደለው ጎን ስላቆመው ነው። አንድ ፊልም በተመልካቹ ላይ የሚኖረው ግብረገባዊ ኃይልም ከዚሁ ቦታ ይመነጫል፤ ከማን ጎን አቆመኝ? ምን እንዲሆን አስመኘኝ? ምኞቴ ሲፈጸምስ ዋጋውን ማን ከፈለ?

ስለዚህ በፊልም ምዘና የመጀመሪያው ተግባር ከፊልሙ ይልቅ ራስን መታዘብ ነው። ፊልሙ ወደ መሐል ሲደርስ ለአፍታ ያቁሙትና «አሁን ምን እንዲሆን እየተመኘሁ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በአንድ መስመር ይጻፉት። «ባሏን ትታ ከዚህኛው ጋር እንድትሄድ»፣ «እንዳይያዝ»፣ «እንዲገድለው» ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የጻፈውን ሲያነብ ይደነግጣል፤ በአደባባይ የማይለውን ነገር በጨለማ ሲመኝ ራሱን ያገኘዋልና። ይህ ማለት ፊልሙ የግድ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ክፉ ምኞትን ከውስጣችን አውጥቶ መልሶ ለእኛው የሚያሳየን ፊልም የናታንን ሥራ ይሠራል፤ ምኞቱን ቀስቅሶ፣ አጣፍጦ፣ አርክቶ የሚለቀን ፊልም ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ከምኞቱ በኋላ የሚመጣውን ትዕይንት መመርመር ያስፈልጋል።

ግፍን ማሳየትና ግፍን ማስመኘት የተለያዩ መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» የደርግን ዘመን ግድያና የስደትን ግፍ ፊት ለፊት ያሳያል፤ ነገር ግን በዚያ ፊልም ውስጥ አንድም ሞት ለተመልካች ደስታ ተብሎ አልቀረበም። በቆጠራ ሚዛን ከባድ ፊልም ነው። በምኞት ሚዛን ግን ተመልካቹ የሚመኘው ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ባልሆነ ኖሮ የሚለውን ብቻ ነው።

ዐይንና ጆሮ የሚሰጡት ፍርድ

የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጎበኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ያስታውሳል። ለዚህ ጉዳይ ግን በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየውን አንድ ልማድ ልብ ማለት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በዚህ ልማድ መሠረት ቅዱሳን ሁለቱም ዐይኖቻቸው እየታዩ በሙሉ ፊት ይሣላሉ፤ ከሓድያንና አሳዳጆች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ፊደል ያልቆጠረ ምእመንም ሥዕሉን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ሠዓሊው ፍርዱን በግልጽ አስቀምጧል።

ካሜራም ይፈርዳል፤ ሕጉን ግን አይነግረንም። ከፊት ለፊት፣ ከቅርብ፣ እንባው ዐይኑ ላይ ሲያቀር የምናየው ሰው ምንም ቢያደርግ እናዝንለታለን። ከሩቅ፣ ከጀርባ ወይም በጨለማ የምናየው ሰው ሲሞት አንድም ነገር አይሰማንም። ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ሰው ግርማ ያገኛል፤ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ሰው ያንሳል። ስለዚህ ፊልሙን ሲመለከቱ ካሜራው ፊቱን የሰጠው ለማን እንደሆነና የነፈገው ለማን እንደሆነ ይመዝግቡ። ለወንበዴው ሃያ ጊዜ፣ ለተዘረፈው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ካልሰጠ፣ ፊልሙ በንግግሩ ምንም ቢሰብክ ፍርዱ ታውቋል።

ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሶቭየት ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያደረገው ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የአንድ ተዋናይን ስሜት የሌለበት ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር አቀጣጠለው። ተመልካቹ በመጀመሪያው የተራበ፣ በሁለተኛው ያዘነ ሰው ያየ መሰለው፤ ፊቱ ግን ያው አንዱ ነበር። ስሜቱን የፈጠረው የምስሎቹ አቀጣጠል ነው። በዛሬ ፊልሞች ይህ ሥራ በሙዚቃም ይታገዛል፤ ዋሽንት ከተሰማ ልባችን ይራራል፣ ከበሮ ከተመታ ይነሣሣል።

ለዚህም ማንም ሊሠራው የሚችል ልምምድ አለ። ከፊልሙ እጅግ የነካዎትን ትዕይንት ይምረጡ። መጀመሪያ እንዳለ ይዩት፤ ቀጥሎ ድምፁን ዘግተው ይዩት፤ በመጨረሻ ዐይንዎን ጨፍነው ያዳምጡት። ድምፁ ሲዘጋ ኀዘኑ ከጠፋ፣ ያለቀሱት ለዋሽንቱ ነበር ማለት ነው። ድምፅም ሙዚቃም ሳይኖር ሰውየው አሁንም የሚያሳዝን ከሆነ፣ ታሪኩ ራሱ እውነት አለው። ከወጣቶች ጋር ሲሠራ ይህን ያህል የሚያዝናናና የሚያስተምር ልምምድ አላየሁም፤ ከአንድ ትዕይንት በላይ ግን አያስፈልግም፣ ይሰለቻል።

በቀል

ለእኛ አካባቢ ተመልካች ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። በዓለም ገበያ ከሚሸጡት የድርጊት ፊልሞች ብዙዎቹ አንድ አጥንት አላቸው፤ ሚስቱ ወይም ልጁ የተገደለችበት ሰው ተነሥቶ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ይጨርሳል። የአዲስ አበባ ወይም የሎስ አንጀለስ ተመልካች ይህን እንደ ጨዋታ ሊያየው ይችላል። ደም መመለስ ቤተሰብ እንዴት እንደሚጨርስ በሚያውቅ አገር ያደገ ወጣት ግን ጨዋታ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይችልም፤ በፊልሙ ያየው ጀግና በለቅሶ ቤት ሙሾ ከሚያወርዱት፣ በሠርግ ላይ ከሚፎክሩት ጋር በአንድ ድምፅ ይናገረዋልና።

ስለዚህ በቀል ያለበትን ፊልም ሲመዝኑ አንድ ቀላል ጥያቄ ይያዙ፤ የሟቹ እናት ትታያለች? በበቀል ፊልም ውስጥ የሚገደሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ስም፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት የላቸውም። ጀግናው አርባ ሰው ገድሎ ሲወጣ አርባ ድንኳን አይተከልም፣ የሟች ወንድምም ጠመንጃውን ወልውሎ አይጠብቅም። ፊልሙ የሚያልቀው በእውነተኛው ሕይወት ታሪኩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን ደም ለማድረቅ ሲቀመጡ የሚያስቡት ይህን ፊልሙ የቆረጠውን ክፍል ነው፤ የሟች ቤተሰብ ምን ይሆናል፣ ካሳው በምን ይከፈላል፣ የገዳይ ልጅና የሟች ልጅ ነገ አንድ ገበያ ላይ ሲገናኙ ምን ይባባላሉ?

ይህን ከተረዱ በኋላ ፊልሞቹን መለየት አያስቸግርም። በቀሉ ከተፈጸመ በኋላ ካሜራው በገዳዩ ፊት ላይ ቆይቶ ምንም እንዳልሞላለት የሚያሳይ ፊልም አለ። ገዳዩ የሟቹን ልጅ ዐይን ለዐይን እንዲያይ የሚያደርግም አለ። ሌላው ደግሞ ፍንዳታውን ከኋላው አድርጎ፣ መነጽሩን ደንቅሮ፣ ሙዚቃ ተለቆለት የሚራመድ ጀግና ያሳየናል። ሦስቱም ውስጥ ሰው ይሞታል፤ ሦስቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከልጆችዎ ጋር ሦስተኛውን ዓይነት ካዩ፣ «ከተገደሉት መካከል የአንዱን ስም ታስታውሳላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወግ መጀመር ይቻላል።

ፍቅር፣ ሳቅና ገንዘብ

በፍቅር ፊልሞች መፈተሽ ያለበት የሴቲቱ «እምቢ» ምን እንደሚሆን ነው። አንድ ወንድ ሴትን ሲከተል፣ መንገድ ሲዘጋባት፣ ስልኳን በዘዴ ሲያገኝ፣ በመጨረሻም «እሺ» ስትለው እያሳየ በዋሽንትና በአበባ የሚያጅብ ፊልም፣ እምቢታ ማለት ገና ያልበሰለ እሺታ ነው ብሎ ያስተምራል። በአገራችን ጠለፋ ለረጅም ጊዜ የጋብቻ መንገድ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል፤ በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ማምለጫ ዘግቷል። ሕጉ የዘጋውን በር ፊልሙ መልሶ እየከፈተው እንደሆነ መመርመር ከተመልካቹ ይጠበቃል። ሰማንያ ያላቸውን ባልና ሚስት ታሪክ ስንመዝንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የተከዳችው ሚስት ክፉ፣ ጨቅጫቃ፣ ሰነፍ ተደርጋ የምትሣለው ብዙ ጊዜ ተመልካቹ የባልየውን ክህደት እንዲፈቅድለት ነው።

ስለ ሳቅ በቂ ትኩረት አይሰጥም። በኮሜዲ ፊልሞቻችን ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ የገጠር አነጋገር ያለው ዘበኛ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ስካር የማይለየው አዝማሪ ተደጋግመው ይመጣሉ፤ የሚመጡትም እንዲሳቅባቸው ነው። በእኛ በጎንደሬዎች አነጋገር የሚቀልድ ፊልም እየሳቅን ስናይ፣ ሳቁ ከማን ጋር እንደሆነና በማን ላይ እንደሆነ እንለይ። ያቺ ሠራተኛ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ትክክል ሆና የጌቶቿን ስሕተት ካሳየች፣ ሳቁ ጥበብ አለው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሳሳተው እሷ ብቻ ከሆነች ግን፣ የሰውን ክብር እየቀነሱ ነው ያሳቁን። አንድ ሙሉ ቤተሰብ ሠራተኛዋ ቡና እያቀረበች በሠራተኛ ላይ በሚቀልድ ፊልም ሲስቅ ማየት፣ በግሌ ከብዙ የመኝታ ቤት ትዕይንት ይልቅ ያሳፍረኛል።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ጥያቄው አጭር ነው፤ ቪላው በምን ተሠራ? በፊልሙ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ሰው ይታያልን? ሀብት ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ፣ በሎተሪ ወይም ምንጩ በማይነገር «ቢዝነስ» ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ የቀን ሠራተኛው አባት በልጁ ዐይን ውስጥ ያንሳል።

መንፈሳዊውን መለየት

ሰዎች ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ ፊልም የሚሉት ነጠላ፣ ሻማ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ መስጊድ ወይም መዝሙር ያለበትን ነው። እነዚህን ምልክቶች በሐሳብዎ ከፊልሙ አውጥተው ይመልከቱት፤ ታሪኩ ካልተለወጠ ጌጥ ነበሩ። ጌጥ መሆናቸው ኃጢአት አይደለም፣ ፊልሙን ግን መንፈሳዊ አያደርጉትም።

ቀጥሎ ጸሎት በፊልሙ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ይዩ። ገጸ ባሕርይዋ ተንበርክካ ትሳላለች፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ቪዛው ይመጣል ወይም ሕመሙ ይድናል። እንዲህ ያለው አቀራረብ እምነትን የሚያከብር ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ፈጣሪን አዛዥ እንዳለው ሠራተኛ ያደርገዋል፣ ስለቱ ያልደረሰለትን ምእመንም እምነት የጎደለው ያስመስለዋል። የተሻለው ፊልም ጸሎቱ የሚጸልየውን ሰው እንዴት እንደለወጠው ያሳያል፤ የለመነውን ሳያገኝ እንኳ።

ንስሐን በተመለከተ ዘኬዎስን መለኪያ ማድረግ ይቻላል። በሉቃስ ወንጌል 19ኛ ምዕራፍ እንደተጻፈው ይህ ቀራጭ አልቅሶ አላበቃም፤ የገንዘቡን እኩሌታ ለድሆች ሰጠ፣ በግፍ ለወሰደበትም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። በፊልሞቻችን ንስሐ እንባ ብቻ ሆኗል። በዳይ ያለቅሳል፣ ተበዳይ ያቅፈዋል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ የተወሰደው ቤት፣ የባከነው ዕድሜ፣ የጠፋው ስም የት እንደደረሰ ማንም አይጠይቅም። እርስዎ ይጠይቁ። በሽምግልና ባህላችን በዳይ ጥፋቱን በአፉ ሳይናገርና ካሳ ሳይክስ እርቅ አይፈጸምም፤ ይህን የለመደ ሕዝብ ከፊልም ያነሰ ነገር መቀበል የለበትም።

ክፋትን በጠንቋይ ወይም በደብተራ ድግምት ብቻ የሚያስረዱ ፊልሞችም አሉ። ድግምቱ ሲፈታ ባልየው ወደ ሚስቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ በራሱ ልብ ውስጥ የነበረውን ነገር መመርመር ሳያስፈልገው ይቀራል። ይህ የሚመች ታሪክ ነው፤ የሚያጽናና ግን አይመስለኝም። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥራ የሚመዘነው በኒያው (በልብ ሐሳቡ) ነው ሲሉ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ይናገራሉ፤ ገጸ ባሕርዩ ያደረገውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳደረገው የማይነግረን ፊልም ግማሽ ሰው ነው ያሳየን።

በአንጻሩ የፈጣሪን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራ ጥልቅ መንፈሳዊ ጥያቄ የሚያነሣ ፊልም አለ። በካን የፊልም ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በጋራ ያቋቋሙት የአብያተ ክርስቲያናት ዳኞች ቡድን ይሸልማል፤ ከሸለማቸው ፊልሞች ብዙዎቹ ስለ ሃይማኖት የተሠሩ አይደሉም። ዳኞቹ የኪነ ጥበብ ጥራትን ከይዘቱ ለይተው አያዩትም። ይህ አሠራር ተገቢ ነው እላለሁ። በችኮላ የተጻፈ ንግግር፣ የማይታመን ለቅሶ፣ የተለጠፈ ስብከት በራሱ የሐሰት ምስክርነት ነው፤ ዓላማው በጎ ስለሆነ ብቻ ድክመቱን የምናልፍለት «መንፈሳዊ ፊልም» ወጣቱ በእምነት ነገር ሁሉ እንዲስቅ ያደርገዋል።

በቤት ውስጥ

ተከታታይ ድራማ ከአንድ ፊልም የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡ የውጭ ድራማዎች የብዙ ቤት የምሽት ልማድ ሆነዋል። ከመቶ ክፍል በላይ የሚሄድ ድራማ ነገ ተመልካች እንዲመለስ ታሪኩ ዛሬ መቋጨት የለበትም፤ ታሪኩን የሚገፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፉው ሰው ነው። ተንኮለኛዋ ታቅዳለች፣ ትሰልላለች፣ ትወስናለች፤ ደጓ ትታለላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጠብቃለች። ለወራት ይህን ያየች ልጅ ደግነት ማለት ሞኝነት፣ ብልኅነት ማለት ተንኮል ነው ብላ ብትደመድም አይፈረድባትም። ስለዚህ ድራማውን ከመዝጋት በፊት በየሳምንቱ መጨረሻ፣ ቡናው ላይ፣ «በዚህ ሳምንት ደጓ በራሷ አስባ ያደረገችው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ተደጋግሞ መልስ ከጠፋ፣ ቤተሰቡ ድራማውን ለመተው ከአባት ትእዛዝ የተሻለ ምክንያት አግኝቷል።

ለልጆች ፍርዱን ቀድመው አይንገሩ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነና ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ይናገር፤ ከፍ ያለው ደግሞ ካሜራው ለማን እንዳዳላ ይፈልግ። «ይህ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፊልም ሲያዩ የትኛው ክፍል እውነት እንደሆነ ከሌላ ምንጭ አብረው ያጣሩ። ፊልሙን መሐል ላይ ማቆምም ነውር አይደለም፤ የጀመሩትን የግድ መጨረስ የሚገባው በማዕድ እንጂ በፊልም አይደለም።

ሰዎች በአንድ ፊልም ላይ ባይስማሙ ምን ይደረግ? ጎንደር ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አላት። በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ተናግሮ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች ሊቃውንትም በአንድ ከተማ በልዩነት ኖረዋል። ይሁንና «አንድም» ያለ ሁሉ እንዳሻው አይናገርም፤ ፍቺው በንባቡና በታሪኩ ላይ መቆም አለበት። በፊልም ውይይትም ይኸው ይሁን፤ «ፊልሙ ክህደትን ያወድሳል» የሚል ሰው የትኛው ትዕይንት እንደሚያወድስ ያሳይ፤ «አንድም ይወቅሳል» የሚለውም የራሱን ትዕይንት ያምጣ። በእያንዳንዱ የፍቅር ፊልም ውስጥ የተሰወረ ወርቅ አለ እያሉ ሰምና ወርቅ የሚፈልጉ ወዳጆቻችን በዚህ ሕግ ትንሽ ይቸገራሉ፤ ሰም ብቻ የሆነ ፊልም ብዙ ነውና። ትዕይንት ማምጣት ያልቻለ ሐሳቡን ለጊዜው ያቆየው። ሁለቱም ካመጡ ሙሉውን ፊልም ዳግም ማየት አያስፈልግም፤ እነዚያን ሁለት ትዕይንቶች ብቻ መክፈት ይበቃል፣ የኢንተርኔት ፓኬጁንም ይቆጥባል።